አጥር ተደግፎ የሚታይ ዋንጫ፦ የኤፍኤ ካፕ የማጣሪያ ጨዋታ በተመልካች ዓይን

እዚህ የምገመግመው በእንግሊዝ አገር ከኦገስት መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ የሚካሄዱት የኤፍኤ ካፕ (የተሸነፈ የሚወጣበት የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ዋንጫ) የማጣሪያ ጨዋታዎች ከፍሎ ለሚገባ ተመልካች የሚሰጡትን አገልግሎት ነው። አብዛኛው አንባቢ ይህን ዋንጫ የሚያውቀው በግንቦት ወር ዌምብሌይ ላይ በሚደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ሲሆን፣ ከ700 በላይ ክለቦች የሚመዘገቡበት ውድድር ግን ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ፣ ስማቸው ከሚኖሩበት ከተማ ውጭ እምብዛም በማይሰማ ክለቦች ሜዳ ላይ ይጀምራል። ከዋናው የመጀመሪያ ዙር በፊት ስድስት የማጣሪያ ደረጃዎች አሉ፣ እነሱም ሁለት ቅድመ ማጣሪያዎችና ከአንደኛ እስከ አራተኛ የሚቆጠሩ አራት የማጣሪያ ዙሮች ናቸው፤ እነዚህን ሁሉ ያለፉ 32 ክለቦች ከሊግ ዋን እና ከሊግ ቱ፣ ማለትም ፕሪሚየር ሊግ አንደኛ ተብሎ ሲቆጠር ከሦስተኛውና ከአራተኛው እርከን፣ 48 ክለቦች ጋር በኖቬምበር ይቀላቀላሉ፤ በቴሌቪዥን የምናውቃቸው የፕሪሚየር ሊግ እና የቻምፒየንሺፕ ክለቦች ደግሞ የሚገቡት በሦስተኛው ዙር፣ በጃንዋሪ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት፣ ለዌምብሌዩ ፍጻሜ ከጠቀስሁት ግንቦት በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዋጋው ልጀምር። መግቢያው እንደ ክለቡ ደረጃ ቢለያይም ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ፓውንድ ይደርሳል፤ ለጡረተኞችና ለተማሪዎች ይቀነሳል፣ ልጆችም ከወላጅ ጋር ሲመጡ በብዙ ቦታ በነፃ ወይም በጥቂት ፓውንድ ይገባሉ። አስቀድሞ ማስያዝ፣ አባል መሆን፣ ወረፋ መጠበቅ የሚባል ነገር በአብዛኛው የለም፤ ጨዋታው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደርሶ፣ በጠባቡ የብረት መግቢያ ከፍሎ መግባት ይቻላል። አንዳንዱ ክለብ ካርድ ብቻ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ስለሚቀበል ሁለቱንም ይዞ መሄድ ይበጃል። የፕሪሚየር ሊግ ትኬት ለማግኘት በአባልነት ክፍያና በዕጣ የሚንገላታ ሰው ይህን ቅለት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥር ይመስለኛል።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ፦ በዚህ ቀን የክለቡ ነባር ደጋፊም እንደ እንግዳው ከኪሱ ይከፍላል። የመግቢያው ገቢ ወጪ ከተቀነሰለት በኋላ ለሁለቱ ክለቦች ስለሚካፈል፣ ደጋፊው በጁላይ የገዛው የዓመት ትኬት ለሊግ ጨዋታዎች እንጂ ለዋንጫ አያገለግልም። ስለዚህ በሩ ላይ የሚከፈለው ገንዘብ ለእንግዳውም ቡድን አውቶቡስ መክፈያ ይሆናል፤ እኔ በበኩሌ ገንዘቤ የት እንደሚደርስ በዚህ መጠን የማውቅበት ሌላ የስፖርት ዝግጅት አላገኘሁም። የአሸናፊዎቹም ድርሻ ከዚሁ አቅም ጋር የሚመጣጠን ነው። በ2023–24 የውድድር ዘመን ከስድስቱ የማጣሪያ ደረጃዎች በመጀመሪያው ያሸነፈ ክለብ ከእግር ኳስ ማኅበሩ 1,125 ፓውንድ፣ የተሸነፈው 375 ፓውንድ ያገኝ ነበር፤ ለትልቅ ክለብ ኢምንት የሆነው ይህ ልዩነት በሳምንቱ ቀናት ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታ ማታ ልምምድ ለሚያደርጉ ተጫዋቾች ክለብ የሜዳ ኪራይ ወይም የመብራት ክፍያ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሸቀጥ ወደ ዕይታው ልምጣ፤ ይህ አገልግሎት በእርግጥ የሚልቀው በዚህ ነውና። በአብዛኞቹ ሜዳዎች አንድ ትንሽ ባለ መቀመጫ ትሪቡን፣ ከአንዱ ግብ ጀርባ ጣሪያ ያለው የመቆሚያ ቦታ፣ ቀሪውን ዙሪያ ደግሞ ወገብ ድረስ የሚደርስ የብረት አጥር ይገኛል። ተመልካቹ አጥሩን ተደግፎ ሲቆም ከመስመሩ የሚለየው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም ከደረሰው እልቂት በኋላ የወጣው የቴይለር ሪፖርት የላይኞቹ ሁለት ዲቪዚዮኖች ስታዲየሞች ሙሉ በሙሉ ባለ መቀመጫ እንዲሆኑ ቢያደርግም፣ በታችኞቹ ሊጎች ግን ቆሞ ማየት ቀጥሏል። ሕዝቡ ጥቂት ስለሆነ ደጋፊዎችን በአጥር መለየት አያስፈልግም፤ በብዙ ሜዳዎች ተመልካቹ በዕረፍት ሰዓት ተነሥቶ፣ ቡድኑ ወደሚያጠቃበት ግብ ጀርባ እየተዘዋወረ፣ ከተቃራኒው ደጋፊ ጋር መንገድ ላይ እየተላለፈ ይሄዳል። በቴሌቪዥን ሁልጊዜ ከጎን የሚያየውን ጨዋታ ከግቡ ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ተከላካዮች መስመራቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ፣ የማዕዘን ምት ሲመታ በስድስት ያርዱ ክልል ውስጥ ማን ማንን እንደሚጎትት፣ ግብ ጠባቂው ከመውጣቱ በፊት ለአፍታ እንዴት እንደሚያመነታ ያስተውላል።

ከዕይታው ይልቅ ደግሞ የሚሰማው ይገርማል። ካሜራው የማያመጣው ሁሉ እዚህ ይሰማል፦ አጥንት ከአጥንት የሚጋጭበት ድምፅ፣ የመሐል ተከላካዩ ሰውህን ያዝ እያለ የሚጮኸው፣ ግብ ጠባቂው ከኋላ ሆኖ ሙሉ ቡድኑን የሚያስተዳድርበት ጥሪ፣ አሰልጣኙ ለተጠባባቂው ሲገባ የሚሰጠው መመሪያ። የመስመር ዳኛው ከተመልካቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ውሳኔውን ያልወደደ ሽማግሌ በስሙ ጠርቶ ሲወቅሰው ዳኛውም አንዳንድ ጊዜ ዞር ብሎ ይመልስለታል። ከዚህ ጋር ያለ ማመንታት የማስጠነቅቀው፣ ስድቡም በዚያው ልክ ጥርት ብሎ የሚሰማ መሆኑን ነው። ሕፃን ልጅ ይዞ የሚሄድ ወላጅ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ራቅ ብሎ ቢቆም ደግ ነው፤ እዚያ አካባቢ የሚነገረው እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ዓይነት አይደለም።

ስለ እግር ኳሱ ጥራት ሳልደብቅ ልናገር። ኳስ ከእግር ወደ እግር እየተንሸራሸረች የምትሄድበትን ጨዋታ የለመደ ዓይን በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ቅር ይለዋል። ኳሷ ብዙውን ጊዜ አየር ላይ ናት፤ የእጅ ውርወራ እንደ ማዕዘን ምት ያስፈራል፤ የመጀመሪያው ንክኪ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር ይርቃል፣ ይህም በተራው ሁለት ሰው ኳሷ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲደርስ ያደርጋል። ሆኖም ይህን ድክመት ብቻ ቆጥሮ የሚመለስ ተመልካች በቂ ፍርድ የሰጠ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በዚህ ደረጃ ያለ ተጫዋች ኳስ ለመቆጣጠር የሚያገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነው፣ ሜዳውም ሁልጊዜ አይተባበረውም። ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ሜዳዎች አሉ፤ ቡድኑ ዕጣ ሲወጣለት ቁልቁለቱን ለየትኛው አጋማሽ እንደሚያስቀምጥ ራሱን የቻለ ዘዴ ነው። ከ2014–15 ጀምሮ ሰው ሠራሽ ሣር በሁሉም የዋንጫው ዙሮች ስለተፈቀደ በርካታ ትናንሽ ክለቦች ወደዚያው ዞረዋል። አርሰናል በፌብሩዋሪ 2017 ወደ ሰተን ዩናይትድ ሄዶ 2 ለ 0 ያሸነፈበትን ምሽት የሚያስታውስ ደጋፊ ያን ጎማ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ምንጣፍም አይረሳም። ኳሷ እዚያ ላይ ቶሎ ትሄዳለች፣ ጨዋታውም በዝናብ የመሰረዙ ዕድል ይቀንሳል፤ ሆኖም ተንሸራትቶ ኳስ መንጠቅ የሚባለው ጥበብ ከጭቃው ጋር አብሮ ይጠፋል፣ እኔም በዚህ ምክንያት የተፈጥሮውን ሣር አስበልጣለሁ።

የዳኝነት ቴክኖሎጂ የለም። ጎል ሲገባ ጎል ነው፤ ተመልካቹ የመስመር ዳኛውን ባንዲራ በአንድ ዓይኑ ካየ በኋላ ያለ ሥጋት ይጨፍራል፣ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብይን አይጠብቅም። ስሕተቱ ይበዛል፤ ነገር ግን ስሕተቱን ያየው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ስላየው ክርክሩ ራሱ የመዝናኛው አካል ይሆናል።

ታዲያ ያንኑ ክለብ፣ በዚያው ሜዳ፣ በሊግ ጨዋታ ማየት እየተቻለ ዋንጫውን ለምን መምረጥ ያስፈልጋል? መልሱ በውድድሩ ቅርጽ ውስጥ አለ። በሊግ ጨዋታ ሁለት ጎል የተቆጠረበት ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት ነጥብ ሊያስመልስ ይችላል፤ በዋንጫው ግን 80ኛው ደቂቃ ላይ በአንድ ጎል የሚመራ ቡድን የሚከላከለው የዓመቱን ተስፋ በሙሉ ነው፣ ይህንንም ተከላካዮቹ ኳሷን ከሜዳ ውጭ ወደ መኪና ማቆሚያው ሲልኳት በግልጽ ያዩታል። ዕጣው በደረጃ ሳይለይ ስለሚወጣ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ራሱ የሁለትና የሦስት ዲቪዚዮን ልዩነት ያላቸው ክለቦች ይገናኛሉ፤ ትንሹ በሜዳው ሲያስተናግድ የሚታየው ግፊት በሊግ ጨዋታ የሚገኝ አይደለም።

ተስፋውም ከንቱ ተስፋ አይደለም። ሜይድስቶን ዩናይትድ በ2023–24 ከስድስተኛው እርከን ተነሥቶ፣ በሁለተኛው የማጣሪያ ዙር ጀምሮ እስከ አምስተኛው ዙር ደርሷል፤ በጃንዋሪ 27፣ 2024 ያሸነፈው ኢፕስዊች ታውን በዚያው የውድድር ዘመን ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጓል። ሊንከን ሲቲ በ2017 ከአምስተኛው እርከን ተነሥቶ በርንሌይን በሜዳው 1 ለ 0 ሲረታ፣ ከ1914 ወዲህ ለሩብ ፍጻሜ የበቃ የመጀመሪያው ከፕሮፌሽናል ሊጉ (ከላይኞቹ አራት እርከኖች) ውጭ ያለ ክለብ ሆነ። ሄርፎርድ በፌብሩዋሪ 5፣ 1972 ኒውካስልን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ያሸነፈበት፣ ሮኒ ራድፎርድ ከሩቅ የመታው ኳስ መረቡን የወጠረበት ጭቃማ ከሰዓትም በየዓመቱ በቴሌቪዥን ይደገማል። ዋንጫውን ራሱን የወሰደው ግን ሊጉ ከተመሠረተ ወዲህ አንድ ከሊጉ ውጭ ያለ ክለብ ብቻ ነው፤ እሱም በ1901 ቶተንሃም ነበር።

የቶተንሃም ስም ከተነሣ ዘንድ፣ ስለ ተመልካችነት ዋጋ ከሚነገሩት ሁሉ የሚበልጥብኝ የማሪን ክለብ ነገር ነው። ከስምንተኛው እርከን የመጣው ይህ ክለብ በጃንዋሪ 2021 ቶተንሃምን ሲያስተናግድ በወረርሽኙ ምክንያት ሜዳው ለተመልካች ዝግ ነበር። ክለቡ ማንም ሊገባበት የማይችል ትኬት በ10 ፓውንድ ቢያወጣ ከ30,000 በላይ ተሸጠ፤ ብዙዎቹም ገዢዎች የቶተንሃም ደጋፊዎች ነበሩ። ማሪን 5 ለ 0 ተሸነፈ። ጨዋታውን በዓይናቸው ያዩት የሜዳው አጥር የሚያዋስናቸው ጎረቤቶች ነበሩ፣ እነሱም ከገዛ ጓሯቸው።

ጨዋታው በአቻ ውጤት ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ከመሄድ በፊት ማጣራት ይገባል። ከዋናው የመጀመሪያ ዙር ጀምሮ ድጋሚ ጨዋታ ከ2024–25 ወዲህ ቀርቷል፤ በማጣሪያዎቹ ግን ደንቡ እንደ ዙሩና እንደ ዓመቱ ሊለያይ ስለሚችል፣ ወደ መለያ ምት ይሄዳል ወይስ ማክሰኞ ማታ ይደገማል የሚለው የአውቶቡስ ሰዓትን ይወስናል። በ1971 አልቭቸርች እና ኦክስፎርድ ሲቲ በአራተኛው የማጣሪያ ዙር ስድስት ጊዜ ተጋጥመው፣ በጠቅላላው 11 ሰዓት ከተጫወቱ በኋላ አልቭቸርች 1 ለ 0 አሸንፎ ተለያይተዋል። የዛሬው ተመልካች በዚያ ዓይነት ትዕግሥት አይፈተንም፤ የድጋሚ ጨዋታ መቅረት ግን ትልቅ ክለብን በሜዳው አቻ ይዞ ሁለተኛ የመግቢያ ገቢ ለማግኘት ተስፋ የሚያደርጉትን ትንንሽ ክለቦች ጎድቷል፣ እኔም ይህን ውሳኔ ከማይወዱት ወገን ነኝ።

የምግቡ ነገር ረጅም ሐተታ አይፈልግም፦ በርገር፣ የተጠበሰ ድንች፣ በወረቀት ኩባያ የሚቀርብ ሻይ፣ ለቆረጠው ደግሞ ከበሬ ሥጋ የሚሠራው ትኩስ መጠጥ ቦቭሪል አለ። ዋጋው ከትልልቅ ስታዲየሞች ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ነው፣ ጥራቱም አንዳንዴ ይበልጣል፤ ሠራተኞቹ ብዙውን ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ በዕረፍት ሰዓት የሚፈጠረው ሰልፍ ግን ሁለተኛው አጋማሽ እስኪጀመር ሊቆይ ይችላል። 42ኛው ደቂቃ ላይ መነሣት ጥበብ ነው። በላይኞቹ ሊጎች በ1985 የወጣው ሕግ ሜዳው እየታየ መጠጥ መያዝን ሲከለክል፣ በዚህ ደረጃ ባሉ በብዙ ሜዳዎች ቢራ ይዞ አጥር ዳር መቆም ይቻላል። መጸዳጃ ቤቱን ግን በምንም መመዘኛ ላወድስ አልችልም፤ በአንድ ስሙን በማልጠቅሰው ክለብ ለሴቶች የነበረው አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም መብራት አልነበረውም።

ከበሩ ገባ ሲሉ ሦስት ነገር የሚሸጥ ሰው ይገጥማል። አንደኛው የጨዋታው ፕሮግራም ሲሆን የቡድኖቹን ታሪክ፣ የተጫዋቾቹን ስምና የአሰልጣኙን ማስታወሻ ይዟል፤ ብዙ ክለቦች ወደ ስልክ ቢያዛውሩትም የታተመውን የሚሰበስቡ ሰዎች ገና ብዙ ናቸው። ሰብሳቢነቱም ቀልድ አይደለም፦ የ1882 የፍጻሜ ጨዋታ ፕሮግራም በ2013 በጨረታ 35,250 ፓውንድ አውጥቷል። ሁለተኛው ግማሽ ለግማሽ የሚባለው ዕጣ ነው፤ ከተሰበሰበው ገንዘብ እኩሌታው ለባለ ዕድሉ፣ እኩሌታው ለክለቡ ይሆናል። ሦስተኛው በላዩ አንድ ደቂቃ የተጻፈበት የታጠፈ ወረቀት ሲሆን የመጀመሪያው ጎል በዚያች ደቂቃ ከተቆጠረ ባለ ወረቀቱ ይሸለማል፤ ይህን የገዛ ሰው ለአንዲት ደቂቃ ያህል የማን ደጋፊ እንደሆነ ይረሳል።

ጨዋታዎቹ በአብዛኛው የሚጀመሩት ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 8፡45 እስከ 11፡15 በብሪታንያ ቴሌቪዥን እግር ኳስ በቀጥታ ማሳየት አይፈቀድም፤ የታሰበውም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ትልልቆቹን እያየ ትንንሾቹ ሜዳዎች ባዶ እንዳይቀሩ ነው። በዚህም የተነሣ ከእንግሊዝ ውጭ ያለ ተመልካች በሳሎኑ የሚያየውን የዘጠኝ ሰዓት የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እንግሊዛዊው በአገሩ ማየት አይችልም።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። በኦገስት ፀሐይ ጣሪያ የሌለው አጥር ዳር መቆም ደስ ይላል፤ በኦክቶበር ዝናብ ያው ቦታ ቅጣት ነው፣ ጣሪያው ሥር ያለውም ቦታ ቶሎ ይሞላል። ሜዳው ውኃ ከቋጠረ ዳኛው ጠዋት ወይም ተመልካቹ በመንገድ ላይ ሳለ ጨዋታውን ሊሰርዝ ይችላል፣ ዜናውንም የሚያሳውቀው የክለቡ የማኅበራዊ ገጽ ነው፤ ባቡር ከመሳፈር በፊት እሱን ማየት ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ለአካል ጉዳተኛ ተመልካችም አገልግሎቱ ከሜዳ ሜዳ እጅግ ይለያያል፦ በአንዱ ለተሽከርካሪ ወንበር የተሠራ ከፍ ያለ መድረክ ሲኖር፣ በሌላው ያለው መንገድ ጠጠር ነው። አስቀድሞ ለክለቡ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ ጸሐፊው ስለሆነ መልሱ አይዘገይም።

ዙር መምረጥ ለሚፈልግ ሰው አስተያየቴ ይህ ነው። በኦገስት የሚደረጉት ሁለቱ የመጀመሪያ ደረጃዎች ለአየሩም ለዋጋውም ይመቻሉ፣ ተመልካቹ ግን እጅግ ጥቂት ስለሚሆን ድባብ የሚፈልግ ሰው ያዝናል። አራተኛው የማጣሪያ ዙር ውጥረቱ ከፍ ያለ ነው፤ የአምስተኛው እርከን ክለቦች የሚገቡት በዚህ ዙር ሲሆን አሸናፊው በቀጥታ ከፕሮፌሽናሎቹ ጋር ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ በዚሁ ምክንያት ግን ትኬቱ ቀድሞ ሊያልቅ፣ ዋጋውም ከፍ ሊል፣ ደጋፊዎቹም ሊለያዩ ይችላሉ፣ ማለትም ከላይ ያመሰገንሁት ነፃነት ይቀንሳል። ከሁሉ የተመጣጠነ ሆኖ ያገኘሁት የሴፕቴምበሩን ሁለተኛ የማጣሪያ ዙር ነው፦ የስድስተኛው እርከን ክለቦች የሚገቡበት በመሆኑ ትልቅና ትንሽ መገናኘት የሚጀምርበት፣ ሕዝቡ የሚሰማበት፣ አጥሩ ግን ገና ቦታ ያለበት ዙር ነው፤ ሜዳ የሚመርጥ ሰውም ዕጣው ከወጣ በኋላ በደረጃ ያነሰው ክለብ የሚያስተናግደውን ጨዋታ ይፈልግ።